ግድግዳ ውስጥ የሚያፈሰው ቧንቧ የማን ዕዳ ነው?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ጀሞ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖራለን። የቤቱ ባለቤት የሚኖረው አሜሪካ ነው። ቤቱን የሚከታተሉትና ውሉን የፈረሙልን ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጥሩ ሰው ናቸው። እኛም ኪራይ አሳልፈንባቸው አናውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የባኞ ቤታችን ግድግዳ መርጠብ ጀመረ። ቀለሙ ተላጠ። ከዚያ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን መጥተው ጣሪያቸው እያንጠባጠበ መሆኑን ነገሩን። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን አሳየን። ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ነው የሚያፈሰው፣ ሴራሚኩ ተሰብሮ መቀየር አለበት አለን። የጠየቀን ዋጋ ከወር ኪራያችን ግማሽ ይበልጣል። ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው «የምትኖሩበት እናንተ፣ የምትጠቀሙበት እናንተ፤ እንግዲህ አስጠግኑት» አሉኝ። ውሉ ስለ ጥገና የሚለው ነገር የለም። «ተከራይ ቤቱን እንደተረከበ ያስረክባል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።

በዚያ ላይ የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ሌት ተቀን ይንሿሿል። የውሃ ሂሳባችን ጨምሯል። የብሎካችን የፍሳሽ መስመርም ተዘግቶ ኮሚቴው መዋጮ አምጡ እያለ ነው። ባለቤቴ «አስጠግነን ከኪራዩ እንቀንስ» ይላል። እኔ ግን ቤቱን ልቀቁ እንዳይሉን እፈራለሁ። የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚሁ ነው። ምን ይሻለናል?

ተከራይዋ ነኝ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከፍርሃትሽ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል። «ልቀቁ» የሚለውን ቃል የሚፈራ ተከራይ የሚገባውን ነገር እንኳ አፉን ሞልቶ አይጠይቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ይህን ፍርሃት ለማቅለል ብዙ ነገር አድርጓል። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። መመዝገብም አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ ተከራይ «ቧንቧው ያፈሳል» ስላለ ብቻ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ የሚያደርግ ሕግ የለም። ተከራይን ለመውጣት የሚዳርገው አንዱ ምክንያት ኪራይ አለመክፈል ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ስለ ባለቤትሽ ሐሳብ ስንነጋገር እመለስበታለሁ።

ውላችሁ መመዝገቡን ግን አልነገርሽኝም። ካልተመዘገበ የቧንቧው ጉዳይ ከመካረሩ በፊት፣ ገና በሰላም ሳላችሁ፣ ከጋሼ ጋር ሄዳችሁ ወረዳችሁ ያለው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።

አሁን ወደ ቧንቧው። ጋሼ «የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ» ያሉት ብዙ አከራዮች የሚሉት ነው። ክፋት አለበት ብዬ አላስብም። ነገር ግን ማን ይኖርበታል የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት «ለምን ተበላሸ?» ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። መንፈሱም ይኸው ነው። መጀመሪያ ውሉ ይታያል። ውሉ ዝም ካለ በየቀኑ በእጅ የሚነኩ ነገሮች፣ ማለትም በር፣ መስኮት፣ የውሃ መክፈቻና የመሳሰሉት ላይ የሚደረጉ አነስተኛ ጥገናዎች የተከራይ ይሆናሉ። ጉዳቱ የመጣው በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን ተከራዩ አይጠየቅበትም። ቤቱን ለመኖሪያ እንዲሆን አድርጎ የማቆየቱ ዋና ሸክም የአከራዩ ነው።

«እንደተረከበ ያስረክባል» የሚለው መስመርም ይህን አይለውጠውም። ያ ቃል ቤቱን አበላሽተሽ እንዳትሄጂ ነው የሚያስገድድሽ። በዕድሜ የሚያረጀውን ሁሉ በራስሽ ገንዘብ አዲስ እንድታደርጊ አያስገድድሽም።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ አንቺ አላየሽውም፣ አልነካሽውም፣ አልመረጥሽውም። የብረት ቧንቧ ከሆነ ከውስጥ እየዛገ ይሳሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። በሙቀት ሲጣበቅ በደንብ ያልያዘ መጋጠሚያ ዓመታት ቆይቶ ይከፈታል። የከተማችን የፈረቃ ውሃ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ውሃው ሲለቀቅ፣ በተለይ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። የደከመ መጋጠሚያ የሚሸነፈው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ የቤቱ ዕድሜና አሠራር ስለሆነ ዋጋው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ሴራሚኩን ሰብሮ መልሶ መለጠፍም የዚያው ጥገና አካል ነው። «ቧንቧውን እኔ፣ ሴራሚኩን እናንተ» የሚል ሐሳብ ከመጣ እንዳትቀበዪ።

አንድ ነገር ግን ራሳችሁን በሐቅ ጠይቁ። እዚያ ግድግዳ ላይ ምስማር መታችኋል? መደርደሪያ፣ መስታወት ወይም ቦይለር ለመስቀል በድሪል በስታችኋል? ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ብላችሁ መስመር አስቀጥላችኋል? እንዲህ ያለ ነገር ካለና ውሃው የሚወጣው ከዚያ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክፍያው የእናንተ ነው። ያን ጊዜ ደብቃችሁ ባለቤቱን ማስከፈል ነውር ነው።

ግድግዳው ከመሰበሩ በፊት ደግሞ የሚያፈሰው በእርግጥ የውሃ መስመሩ መሆኑን አረጋግጡ። ባለሙያው ግድግዳውን አይቶ ብቻ ከወሰነ አይበቃም። ግድግዳው ማንም ሳይታጠብ ቀኑን ሙሉ የሚረጥብ ከሆነ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው መስመር ነው። የሚረጥበው ሰው ከታጠበ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን የፍሳሽ ቱቦው ወይም በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ ሊሆን ይችላል፤ መሙያው ከሆነ ጥገናው በጣም ርካሽ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ውሃ ባለበት ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። ከሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ስር ያለችውንም ትንሽ መዝጊያ ዝጉ። እሷን ከረሳችሁ የሽንት ቤቱ ፍሰት ያሳስታችኋል። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ እሷ የምትዞር ከሆነ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ያፈሳል። የምትጠቀሙት ከሮቶ በሚወርድ ውሃ ከሆነ ግን ቆጣሪው ከሮቶ በኋላ ያለውን ፍሳሽ አያሳይም። ያን ጊዜ ሮቶውን ሞልታችሁ፣ የሚገባበትን ብቻ ዘግታችሁ፣ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ እንደተዘጋ የሮቶው ውሃ ይጎድል እንደሆነ ተመልከቱ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የሚያፈስ ከሆነ ጉዳዩ የእናንተም የጋሼም አይደለም፤ ለውሃና ፍሳሽ ነው የሚነገረው።

የሚያሳስበኝ የታች ጎረቤታችሁ ነው። ቧንቧው ሲፈነዳ ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም። ውሃው እነሱ ጣሪያ ላይ እየወረደ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ ዝም ካላችሁ ግን የእናንተም እጅ ይገባበታል። ስለዚህ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር እስኪያልቅ አትጠብቁ። ዛሬውኑ የባኞ ቤቱን መስመር ዝጉ። ለብቻው መዝጊያ ከሌለው ቆጣሪው ጋር ያለውን ዝጉና ጀሪካን ለመሙላት ብቻ ክፈቱት። ለጥቂት ቀናት ይቸግራል፣ በተለይ ልጆች ላሉት። ግን ጎረቤቶቻችሁ ጣሪያና መብራት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያቆማል። ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ከደረሰ የሰው ሕይወት ነው። ሄዳችሁም አነጋግሯቸው። ዘግተናል፣ ለባለቤቱ ነግረናል፣ እየተከታተልን ነው በሏቸው። የደረሰባቸውንም ጉዳት ፎቶ አንሥተው ይያዙ። ለጋሼ የሚላከው ማስረጃ አካል ይሆናል።

ለጋሼ በስልክ መንገርሽ ጥሩ ነበር፤ ግን ስልክ ይረሳል። አሁን በጽሑፍ ላኪላቸው። ቴሌግራም ይበቃል። ለሳቸው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም አሜሪካ ላኪ። ጋሼ ውሉን የፈረሙት በወንድማቸው ውክልና ከሆነ ቃላቸው ባለቤቱን ያስገድዳል። ሆኖም ወጪው የሚወጣው ከወንድም ኪስ ሲሆን ብዙ ወኪሎች ለመወሰን ይከብዳቸዋል። «አስጠግኑት» ያሉሽም ምናልባት ከዚያ ጭንቀት ይሆናል። ባለቤቱ ፎቶውን በራሱ ዓይን ሲያይ ነገሩ ሊፈታ ይችላል። ጋሼን እንዳታስቀይሚ አስቀድመሽ «ለወንድምዎም ልልክላቸው ነው» በያቸው። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው በስልክ እንደነገርኩዎት የባኞ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ እያፈሰሰ ነው። ፎቶና ቪዲዮ ልኬልዎታለሁ። ውሃው ታች ጎረቤት ስለደረሰ መስመሩን ዘግተን በጀሪካን እየተጠቀምን ነው። ሁለት ባለሙያዎች አይተው የሰጡን ዋጋ ይኸው። እርስዎ የሚያውቁት ባለሙያ ካለም ይምጣና ይየው። ጉዳቱ የሰው ቤት ስለገባ ብዙ ማቆየት አልቻልንም። እስከ ቅዳሜ መልስዎን ብንሰማ ደስ ይለናል።»

አክብሮት አለው፣ ቀን አለው፣ ማስረጃ አለው። ሁለት ዋጋ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ባለሙያ ብቻ ካመጣችሁ «የራሳችሁን ሰው አምጥታችሁ አስወደዳችሁት» መባል ይመጣል። የሳቸውን ሰው መጋበዝም ያንኑ ጥርጣሬ ያጠፋል።

ሥራው ሲሠራ አንዳችሁ እዚያው ሁኑ። ግድግዳው ሲከፈት ውሃው ከየት እንደሚወጣ በቪዲዮ ቅረጹ። ተቆርጦ የወጣውን ቧንቧ አትጣሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡት። የዛገ ወይም መጋጠሚያው የለቀቀ ቧንቧ ከማንም ክርክር በላይ ይናገራል። ባለሙያው ያገኘውን ነገር፣ የቀየረውንና የተከፈለውን በወረቀት ጽፎ ይፈርም። የዕቃውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ውሃው ተለቆ ይፈተሽ፤ ቢቻል አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ መልሶ ሴራሚክ መስበር ሁሉንም ያስመርራል።

አሁን የባለቤትሽ ሐሳብ። አስጠግኖ ከኪራይ መቀነስ በራሱ መጥፎ መንገድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው። አደጋው ሳይስማሙ መቀነስ ላይ ነው። ኪራዩ በባንክ እየተከፈለ ነው። ውሉ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ነው፣ ባንክ የገባው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ያንን ወረቀት የሚያይ ሰው ስለ ቧንቧው አያውቅም፤ የሚያየው ጎድሎ የተከፈለ ኪራይ ነው። ኪራይ አለመክፈል ለመውጣት ይዳርጋል ያልኩሽን አስቢ። ስለዚህ ጋሼ ወይም ባለቤቱ «ይህን ያህል ብር ለጥገና ወጥቷል፣ ከዚህ ወር ኪራይ ይቀነስ» ብለው በጽሑፍ እስኪያረጋግጡ ድረስ አንድ ብር አትቀንሱ። የቴሌግራም መልስም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ የተፈረመ ወረቀት ግን ይበልጣል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ሙሉ ኪራዩን እንደወትሮው ከፍላችሁ እነሱ የጥገናውን ገንዘብ ለብቻው ቢልኩላችሁ ነው። ሁለቱም ሂሳብ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል።

እምቢ ካሉስ? መጀመሪያ ጋሼ የሚያከብሩትን ሰው፣ የኮንዶሚኒየሙን ማኅበር ሰብሳቢ ወይም የሰፈር ሽማግሌ፣ ታች ቤት ያለውን ጣሪያ እንዲያይ ጋብዙ። ካልሆነ ፎቶውን፣ መልእክቱንና ውሉን ይዛችሁ ውሉን ወደመዘገበው ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ለዚህ መጠን ክርክር የሚፈጀው ጊዜና ጉልበት ብዙ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን በር ሁሉ ብታንኳኩ እመክራለሁ።

የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ግን ከዚህ ይለያል። እሱን እናንተው አስጠግኑት። ሌት ተቀን የሚንሿሿው ብዙ ጊዜ ውሃውን የምትዘጋው ጎማ ስላለቀች ወይም ውሃው ሲሞላ የሚያቆመው ተንሳፋፊ ስለተበላሸ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክዳኑን ከፍተሽ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት የፈላ ቡና ጨምሪ። ማንም ሳይጠቀም ቡናው ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማዋ ናት። ውሃው ሞልቶ በመሃል ቱቦው የሚፈስ ከሆነ ተንሳፋፊው ነው። ማጠራቀሚያው ራሱ ተሰንጥቆ ወይም ዕቃው በሙሉ አርጅቶ ይቀየር ከተባለ ግን እንደገና የባለቤቱ ጉዳይ ይሆናል።

የሂሳቡ መጨመር ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታው ሲጨምር ለአንዱ ሜትር ኩብ የሚከፈለውም የሚጨምር ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው። በቀን ጥቂት ባልዲ የሚያባክን ፍሳሽ በወር ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋሽ ይችላል። እንዴት ይከፈል ካልሽኝ የምፈርደው እንዲህ ነው። የሽንት ቤቱን እናንተ ቻሉ፤ ቶሎ ማስጠገን ትችሉ ነበርና። ግድግዳው ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ከወትሮው በላይ የመጣውን ግን ለጋሼ አሳዩና እንዲጋሩ ጠይቁ። ይህ የሕግ አንቀጽ ሳይሆን የእኔ ፍርድ ነው። የቀድሞዎቹን ወራት ሂሳብ ጎን ለጎን ብታቀርቡት ብዙም አያከራክርም።

የብሎኩ ፍሳሽ መስመር ላይ ደግሞ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይረዳሻል። ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጋራ ቱቦ፣ ማንሆሉ፣ ሴፕቲክ ታንኩ የጋራ ንብረት ናቸው። የማኅበሩ አባላት የቤት ባለቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ መስመሩን ለማስከፈትና ለመጠገን የሚጠየቅ መዋጮ በመሠረቱ የባለቤቱ ነው። ውላችሁ የጽዳትና የጥበቃ ወርኃዊ ክፍያ በእናንተ ላይ ካደረገ እሱን ክፈሉ። ለጥገና የሚጠየቀውን ግን ኮሚቴው ለጋሼ እንዲያሳውቅ አድርጉ። ችግሩ አጣዳፊ ሆኖ እናንተ ብትከፍሉም ደረሰኙን በባለቤቱ ስም ተቀበሉ። የተዘጋበት ምክንያት ከአንድ ቤት የተጣለ ዳይፐር ወይም ጨርቅ መሆኑ ከታወቀ ግን የሚከፍለው ያ ቤት ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ቤት የምታከራዩ ይህን ካነበባችሁ አንድ ቃል ልጨምር። ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ገንዘብ ሳትሰጡ ኃላፊነት አትስጡ። «እስከዚህ ብር ድረስ ያለውን ጥገና ሳትጠይቁኝ አሠሩ» የሚል አንድ መልእክት ብዙ ጠብ ያስቀራል። ግድግዳ ውስጥ የሚቆይ ውሃ የኮንክሪቱን ብረት ይበላል። ተከራዩ ይወጣል፤ ቤቱ ግን የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

እህቴ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም እናንተን የሚመለከት ነው። ውሃ ስትሄድ ቧንቧ ተከፍቶ መረሳቱ በከተማችን ብዙ ቤት አጥለቅልቋል። ሌሊት ውሃ መጥታ ታች ቤት ብትወርድ ያ ጥፋት ሙሉ በሙሉ የተከራዩ ነው። ልጆቹን አስተምሪያቸው፤ ከቤት ስትወጡም ዋናውን መዝጊያ ዝጉ።

ቧንቧው ተጠግኖ ነገሩ ሲበርድ ጋሼን ጠይቀሽ ውሉ ላይ የምትያያዝ አንድ ገጽ ጻፉ። እስከ ስንት ብር ያለው ጥገና የእናንተ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥበት፣ የማኅበሩን መዋጮ ማን እንደሚከፍል ይስፈርበት። የቤቱን ቧንቧዎችና ግድግዳዎች ዛሬ ያሉበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶም ይያያዝ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ጋሼ ምን እንደመለሱልሽም ጻፊልኝ።